ቀን የተቆረጠለት ሕግና ቀን ያልተቆረጠለት ሕግ



ባለፉት ስድስት ሰባት ዓመታት ነጋዴንና አሠሪን የሚመለከቱ አዋጆችና ደንቦች ተከታትለው ወጥተዋል። የገቢ ግብር አዋጅ ተሻሻለ፤ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ታደሰ፤ ከተማው ሱቅ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት መሆን እንዳለበት በደንብ ወሰነ። እነዚህ ሁሉ የሚጀምሩበት ቀን ተጽፎላቸው ነበርና ጀመሩ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ግን በአንቀጽ 55 ላይ አንድ ትልቅ ቃል ተናግሮ ቀኑን ሳይናገር አለፈ። ይኸውም መንግሥትና ሠራተኛ፣ ሌሎችም ጉዳዩ የሚመለከታቸው ወገኖች የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል ይወስናል የሚለው ነው። አዋጁ በወጣ በስድስተኛው ዓመት፣ 2017 ዓ.ም. ሲያልቅ፣ ቦርዱ ገና አልተቋቋመም ነበር። የኔ ጠብ ከዚህ ጋር ነው።

ጠቡ የተነሣው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከምሳ ጠረጴዛ ነው እንጂ። ብዙዎቻችሁ እንደምታደርጉት እኔም ምሳዬን የምበላው ከጳውሎስ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ካሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች በአንደኛው በወር ኮንትራት ነው። እዚያ የምታስተናግደን ልጅ ዕድሜዋ ከኛ አይበልጥም። ገና ሁለተኛ ዓመት መሆናችንን ብታውቅም «ዶክተሬ» እያለች ትጠራናለች። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ገብታ ወለል ትወለውላለች፤ ቀን ታስተናግዳለች፤ ማታ ድስት አጥባ ትወጣለች። የወር ደመወዟ ከሁለት ሺህ ብር በታች ነው። የተጻፈ የሥራ ውል የላትም። የጡረታ መዋጮ የሚባል ነገር ስሙን እንጂ መልኩን አታውቅም።

በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395ን ባጸደቀ ሰሞን ሬዲዮው በወር እስከ ሁለት ሺህ ብር የሚከፈለው ሰው ከግብር ነፃ ሆነ ሲል ሰማን። እኔም ለቀልድ ያህል «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ከግብር ነፃ ወጣሽ» አልኋት። ሳህኑን ከፊቴ እያስቀመጠች «እኔ መቼ ገብቼበት አውቃለሁ?» አለችኝ። ሳቅን፤ ኋላ ግን ነገሩ አላስቅ አለኝ። እውነቷን ነው። ስሟ በማንም የደመወዝ መዝገብ ላይ ስለሌለ ግብሩም አያውቃት፣ ነፃነቱም አያውቃት። እስኪ ይህን ነፃነት የሚባለውን ነገር ቀረብ ብለን እንየው።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከግብር ነፃ ያደረገው በወር እስከ 600 ብር የሚያገኘውን ነበር። ያን ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 22 ብር ገደማ ነበረና 600 ብር ማለት 27 ዶላር ያህል ነው። አዲሱ አዋጅ 600ውን ወደ 2,000 ሲያሳድገው ብዙዎች አጨበጨቡ። ነገር ግን ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ በኋላ፣ አዋጁ በጸደቀበት ጊዜ አንዱ ዶላር ከ130 ብር በላይ ሆኖ ነበር። ሁለት ሺህ ብሩን ብታካፍሉት ከ15 ዶላር ብዙ አያልፍም። ስለዚህ በቁጥር የጨመረው ነገር በዋጋ በግማሽ ያህል ወርዷል ማለት ነው። ይህን ለማየት የኢኮኖሚክስ ትምህርት አያስፈልግም፤ አራተኛ ክፍል የተማርነው ማካፈል ይበቃል። «ሠራተኛው ዶላር አይበላም» የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ የሚበላው ዘይት በምን እንደሚገዛ ወደ ወደብ ሄዶ ይጠይቅ።

ከሁለት ሺህ በላይ ያለውስ? ከ2,001 እስከ 4,000 ብር ያለው 15 በመቶ፣ ቀጥሎ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ እያለ ከ14,000 በላይ 35 በመቶ ይደርሳል። ደመወዙ 3,000 ብር የሆነ አንድ ዘበኛ 150 ብር ግብር ይከፍላል። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268 በሚያዘው መሠረት ደግሞ ሰባት በመቶ፣ ማለት 210 ብር ይቆረጥበታል። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምራል። ዘበኛው ይዞት የሚገባው 2,640 ብር ነው። ግብርና ጡረታ መክፈል ክፉ ነው አልልም። ግብር የማይከፈልበት አገር ሆስፒታልም ትምህርት ቤትም የለውም፤ እኛም የምንማረው በዚያው ነው። የምለው ሌላ ነው፤ መንግሥት ከዚህ ሰው ደመወዝ ላይ ስንት እንደሚወስድ እስከ ሳንቲሙ ሲያውቅ፣ ያ ደመወዝ ከስንት በታች መውረድ እንደማይገባው ግን አልወሰነም።

አሁን ወደ አሠሪዋ እንምጣ፤ አሠሪን ሁሉ ጨካኝ አድርጎ መሳል ለጽሑፍ ይቀላልና። የምግብ ቤቱን ባለቤት እትዬ እንላቸዋለን። እትዬ ሀብታም አይደሉም። ቤቱ የኪራይ ነው፤ ጤፍና ሽንኩርት በየሳምንቱ አዲስ ዋጋ ይዞ ይመጣባቸዋል። አዲሱ የግብር አዋጅ ቀድሞ «ደረጃ ሐ» ይባል የነበረውን የትንንሽ ነጋዴዎች ደረጃ ሰርዞ፣ የዓመት ሽያጩ ከሁለት ሚሊዮን ብር በታች የሆነውን ሁሉ «ደረጃ ለ»፣ ከዚያ በላይ ያለውን «ደረጃ ሀ» አድርጎታል። እትዬም ዓመቱን ሙሉ «እኔ የትኛው ነኝ?» እያሉ ይጨነቃሉ። አንድ ቀን ስለ ልጅቱ ደመወዝ ደፍሬ ብጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ እኔ ሦስት ሺህ ብከፍላት ጎረቤቴ በአሥራ አምስት መቶ ቀጥሮ ሽሮውን በአሥር ብር አርክሶ ይሸጣል። እናንተም ወደሱ ትሄዳላችሁ።»

መልስ አጣሁ። ሁላችንም እንደምንሄድ አውቃለሁና ነው። እትዬ ግን ሳያውቁት ለአንቀጽ 55 ከማንም ጠበቃ የተሻለ ክርክር አቀረቡ። የደመወዝ ወለል ከሌለ የሚጎዳው ሠራተኛው ብቻ አይደለም። ደኅና ልክፈል የሚለውን አሠሪ የማይከፍለው አሠሪ ገበያ ይነጥቀዋል። ወለሉ ለሁሉም እኩል ሲሆን ግን በሰው ረኃብ መወዳደር ይቀርና በወጥ አሠራር መወዳደር ይሆናል። እትዬ ወጥ ሲሠሩ ደግሞ ማንም አይችላቸውም።

የከተማውን ደንብም ሳላነሣ አላልፍም። በ2017 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በዋና ዋና መንገዶችና በኮሪደር ልማት በተሠሩ መንገዶች ዳር ያሉ የንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ከ30 ድረስ ክፍት እንዲሆኑ ደንብ አወጣ። ከተማ በማታ ቢበራ ማን ይጠላል? እኔም ከንባብ ወጥቼ ብርሃን ባለበት መንገድ ብሄድ ደስ ይለኛል። ነገር ግን የአስተናጋጃችን የክፍል ተጋሪ ዋና መንገድ ዳር ባለ የልብስ መሸጫ ተቀጥራ ትሠራለች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩን የምትከፍተው እሷ ናት፤ ማታ የምትዘጋውም እሷው ናት። ቁጠሩት፤ አሥራ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው።

አዋጅ 1156 ምን ይላል? መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ስምንት፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም ይላል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከአራት ሰዓት፣ በሳምንት ከአሥራ ሁለት ሰዓት አይለፍ ይላል። ትርፍ ሰዓቱም ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሆነ በመደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1.5 ተባዝቶ፣ ከዚያ ወዲያ ባለው ሌሊት ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን ከሆነ በሁለት፣ በበዓል ቀን ከሆነ በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ስምንትና አራት ቢደመር አሥራ ሁለት ነው። የምሳውን ሰዓት ብትቀንሱላት እንኳ ያንን በየቀኑ ማድረግ አይቻልም፤ የሳምንቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በሦስት ቀን ያልቃልና። ስለዚህ ጠዋት ተከፍቶ ማታ 3 ሰዓት ተኩል የሚዘጋ ሱቅ ሁሉ በሕግ ሁለት ፈረቃ ሠራተኛ ሊኖረው ግድ ነው። የከተማው ደንብ የፌዴራሉን አዋጅ አልሻረውም፤ ሊሽረውም አይችልም። ይሁን እንጂ የተዘጋ ሱቅ ከመንገድ ይታያል፤ የደከመች ሻጭ ግን ከመንገድ አትታይም። ተቆጣጣሪው የሚያየው በሩን ነው። በሩ ክፍት ከሆነ ደንቡ ተከብሯል። ከበሩ ኋላ የቆመችው ልጅ ስንት ሰዓት ቆመች ብሎ የሚጠይቅ እስካሁን አላየንም።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ወደ ቤት መሄድ አለ። ይህን ለሴቶች እኅቶቻችን አልነግራቸውም፤ እነሱ ያውቁታል።

በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ስላሉት ሸማኔዎችም ብዙ ማለት ይቻል ነበር። እዚያ ያለው ችግር ሌላ ዓይነት ነው። ብዙው የሚሠራው በቁራጭ ሒሳብ ስለ ሆነ አሠሪው ማን፣ ሠራተኛው ማን እንደ ሆነ ለመለየት እንኳ ያስቸግራል። አዋጁ ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ዓመት ከፍ ማድረጉን ብቻ ላንሣና ልለፍ፤ ጉለሌን የሚያውቅ ሰው ለምን እንዳነሣሁት ይገባዋል። የቤት ሠራተኞችም እንዲሁ ናቸው። አዋጁ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ብሎ ከራሱ አውጥቶ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስንላቸዋል አለ። ይህም ሌላ ቀን ያልተቆረጠለት ተስፋ ነው።

አዋጁን ጨርሶ መንቀፍ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የወሊድ ፈቃድን ከ90 ወደ 120 ቀን አሳድጓል፤ ለአባት ሦስት ቀን ሰጥቷል፤ በመጀመሪያው ዓመት አሥራ ስድስት የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ፈቅዷል። በሌላ በኩል የሙከራውን ጊዜ ከ45 ቀን ወደ 60 የሥራ ቀን አራዝሞ ለአሠሪው ደልቶታል። ሰጥቶ መቀበል ነውና ይሁን እንበል። የማይሆነው፣ በዚያ ሰጥቶ መቀበል ውስጥ ለሠራተኛው የተሰጠው ትልቁ ነገር፣ ማለት የደመወዙ ወለል፣ ወረቀት ላይ መቅረቱ ነው። የሙከራው ጊዜ ሲራዘም ቦርድ ይቋቋም አልተባለም፤ አዋጁ በወጣ ዕለት ተራዘመ።

ባልደረቦቼ የሚያቀርቧቸውን ክርክሮች አውቃቸዋለሁ፤ በዶርሚተሪም በላይብረሪ ደጃፍም ሰምቻቸዋለሁ። የመጀመሪያው «ወለል ከተወሰነ ባለሀብት ይሸሻል» የሚለው ነው። ይህን ክርክር ሐዋሳ ፈትናዋለች። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት አገራችን ለዓለም ያቀረበችው ትልቁ ማባበያ የጉልበት ርካሽነት ነበር። በ2011 ዓ.ም.፣ አዋጅ 1156 በወጣበት በዚያው ዓመት፣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ማዕከል ባወጣው ጥናት የኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን፣ ይህም በዓለም ልብስ አምራች አገሮች ዘንድ የመጨረሻው ዝቅተኛ መሆኑን ጻፈ። ርካሽነት ባለሀብትን የሚያስር ገመድ ቢሆን ኖሮ ከኛ የሚሄድ አይኖርም ነበር። ነገር ግን በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው ታላቁ የአሜሪካ ኩባንያ የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ፣ የሰጠው ምክንያት ጦርነቱን እንጂ የደመወዝ መናርን አልነበረም። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ከአጎዋ የንግድ ዕድል ስታስወጣንም ደመወዝ አበዛችሁ ብላ አይደለም። በኪሳራው ወቅት ከሥራ የወጡት በብዛት ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ በወር 26 ዶላር ተቀጥሮ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጥ ደግሞ የለም።

ሁለተኛው ክርክር ከአንዳንድ መምህራኖቻችን የሚሰማው ነው። «ዋጋን ገበያ ይወስን» ይላሉ። በትሕትና ልጠይቃቸው፤ በዚህ ከተማ የታክሲ ታሪፍ የሚወሰነው በገበያ ነው? የቤንዚንና የናፍጣ ዋጋ በገበያ ነው? ታሪፉን የከተማው ቢሮ፣ ነዳጁን መንግሥት ይወስነዋል፤ ማንም ኢኮኖሚክስ ፈረሰ ብሎ አልጮኸም። የሰው ጉልበት ላይ ሲደርስ ብቻ ገበያ የሚባለው ጌታ ድንገት ከየት መጣ? ከዚህም በላይ መንግሥት ራሱ ለራሱ ሠራተኞች ወለል አለው። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ዝቅተኛውን የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ አድርጓል። መልካም አደረገ። ይህ ማለት ከስድስት ሺህ ብር በታች በዚህ አገር መኖር እንደማይቻል መንግሥት ራሱ ያውቃል ማለት ነው። በመሥሪያ ቤቱ አጥር ውስጥ ወለል የምትወለውለዋ ሴት ከዚህ በታች አትከፈልም፤ ከአጥሩ ውጭ በመንገዱ ማዶ ያንኑ ወለል የምትወለውለዋ በሁለት ሺህ ብትቀጠር ግን የሚጠይቅ ሕግ የለም። የሁለቱም ሆድ አንድ ዓይነት ነው። ይህን እንኳ በዚህ ትምህርት ቤት ተምረናል።

ሦስተኛው «ትንንሹ ነጋዴ ይከስራል» የሚል ነው፤ ይህ ከሁሉ የሚከብደኝ ነው፤ እትዬን ስለማውቃቸው። እንደ እሳቸው ያለውን በአንድ ሌሊት ስድስት ሺህ ክፈሉ ቢሏቸው ይዘጋሉ፤ ልጅቱም ሥራ ታጣለች። ለዚህ መልሱ ግን ቦርዱን አለማቋቋም አይደለም፤ ቦርዱን ማቋቋም ነው እንጂ። አዋጁ የጻፈው አንድ ቁጥር ከላይ ይጣል ብሎ አይደለም። የአገሪቱን የኢኮኖሚ ዕድገትና የሥራ ገበያውን ሁኔታ አጥንቶ በየጊዜው የሚያሻሽል አካል ይኑር ነው ያለው። በጥናት የሚሠራ ከሆነ ምግብ ቤትን ከፋብሪካ፣ ትንሹን ከትልቁ ሊለይ ይችላል፤ በደረጃ ሊያሳድግም ይችላል። ጎረቤታችን ኬንያ በሥራ ዓይነትና በቦታ እየለየች የደመወዝ ትእዛዝ ስታወጣ ኖራለች፤ ናይሮቢም ምግብ ቤት አልጠፋባትም። ለትንሹ ነጋዴ የሚያስብ ሰው ቦርዱ እንዲመጣ ሊጮህ ይገባዋል። ደግሞም እንታዘብ፤ የግብር ደረጃው ሲለወጥ፣ የመዝጊያው ሰዓት ሲወሰን «ትንሹ ነጋዴ ይከስራል» ብሎ ሥራውን ያቆመ ቢሮ አልነበረም። እትዬ የሚታወሱት ሠራተኛቸው ስትጠይቅ ብቻ ነው።

«ጥናት ላይ ነው» የሚለውን መልስ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በየዓመቱ የሜይ ዴይ በዓል ጥያቄውን ባነሣ ቁጥር ሲሰማው ኖሯል። ጥናት የሚጠላ ተማሪ የለም። ነገር ግን የምርምር ጽሑፉን ስድስት ዓመት ያዘገየ ተማሪ በዚህ ግቢ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። «ይህ የሠራተኞች ጉዳይ ነው፤ ተማሪን ምን አገባው?» የሚል አለ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ የሄዱት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አብዛኞቹ አራሾች አልነበሩም። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1956 ዓ.ም. የሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 210 ሲወጣ፣ በዚህ አገር ሠራተኛ ተደራጅቶ ከአሠሪው ጋር በሕግ ፊት እንዲነጋገር ተፈቀደ። ያ አዋጅ ከወጣ አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም. የካቲት፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ጠርቶ መንግሥቱን አንቀጠቀጠ። ይህን የማነሣው አድማ ለመጥራት አይደለም፤ አያቶቻችን በ1956 የጀመሩትን ነገር እኛ በ2018 ገና በሽሮ ቤት እንደምንለምነው ለማሳየት ነው።

ደግሞስ ነገሩ የኛ አይደለምን? ከመካከላችን ብዙዎቹ ሲመረቁ በግል ክሊኒክና በግል መድኃኒት ቤት ይቀጠራሉ። እዚያ 60ው የሙከራ የሥራ ቀን ይጠብቃቸዋል። አንድ ያለፈው ዓመት ተመራቂ፣ ስሙንና የቀጠረውን ቤት አልጠራም፣ ሃምሳ ስምንተኛው የሥራ ቀን ላይ «አልተስማማንም» ተብሎ ተሸኘ፤ በማግሥቱ በሱ ቦታ ሌላ የሙከራ ሠራተኛ ገባ። ከመካከላችን ደግሞ ክሊኒክ የሚከፍቱ አሉ። እነሱ ነገ አሠሪዎች ናቸው። ነርሷንና ጽዳት ሠራተኛዋን ስንት ሊከፍሉ እንዳሰቡ ዛሬ፣ ገና ኪሳቸው ባዶ ሳለ፣ ቢጠየቁ መልካም ነው። ኪስ ሲሞላ መልሱ ይለወጣልና።

ከሁሉ በፊት ግን የዛሬው ሽሮ አለ። የምንበላው ሽሮ ርካሽ የሆነው በምን ይመስላችኋል? ጤፉ ርካሽ አይደለም፤ ከሰሉም፣ ኪራዩም ርካሽ አይደለም። ከሚገቡበት ነገሮች ሁሉ ረክሶ የተገኘው የልጅቱ ጉልበት ነው። እኛም ያንን ቅናሽ በየቀኑ በሁለት እጃችን እየጠቀለልን እንጎርሳለን። ይህን ስጽፍ ራሴን ነፃ ለማውጣት አይደለም። ባለፈው ወር ኮንትራቱ መቶ ብር ቢጨምር ከሚያጉረመርሙት አንዱ እኔ ነበርሁ።

እንግዲህ የተማሪዎች ማኅበራችን ምን ያድርግ? ትልቅ ነገር አልጠይቅም። ማኅበሩ በየዓመቱ መጀመሪያ ከምግብ ቤቶች ጋር ስለ ኮንትራት ዋጋ ይነጋገራል። ለብዙ መቶ ተማሪ ሲነጋገር ይሰሙታል። በዚያ ንግግር ላይ አንድ ቃል ይጨምር፤ ሠራተኞቹ የተጻፈ ነገር በእጃቸው ይኑራቸው። ይህ አዲስ ሸክም አይደለም። የአዋጁ አንቀጽ 7 የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ነገር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው ይስጥ ይላል። አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ማባዣውም በእጃችን ነው። እትዬን አነጋግሬአቸው «ካመጣህልኝ እፈርማለሁ፤ እኔ መጻፉ ነው የሚከብደኝ» ብለውኛል። ይህን ስሰማ ስድስት ዓመት ሙሉ አንቀጽ 7ን የገደለው ክፋት ብቻ አለመሆኑን ተረዳሁ። ሕጉን እሳቸው ደጅ ድረስ ይዞ የሄደ ሰው አልነበረም።

ከዚህም ሌላ አንድ የተረሳ ነገር አለ። አዋጁ የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም አሥር አባል ይበቃል ይላል፤ ከአሥር ያነሰ ሠራተኛ ባለባቸው ቤቶች የሚሠሩትም ተሰባስበው ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ ይላል። በዚህ ሰፈር በየምግብ ቤቱ ሦስትም አራትም ሆነው የሚሠሩት ቢቆጠሩ አሥር ለመሙላት አንድ መንገድ ይበቃል። ማቋቋም የነሱ ፋንታ ነው፤ እኛ ልናቋቁምላቸው አይገባንም። አዋጁን አንብቦ የሚያስረዳቸው ሰው ሲፈልጉ ግን «ፈተና አለብን» አንበላቸው።

ስለ ቦርዱም ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሚላክ ደብዳቤ ረቂቅ ጽፌአለሁ። ርዝመቱ ግማሽ ገጽ ነው። አይለምንም፣ አይሳደብም። የአንቀጽ 55ን ቃል ጠቅሶ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ ቀኑን። የመምህራን ፊርማ ቢጨመርበት የበለጠ ይሰማልና ኢኮኖሚክስ የሚያስተምሩን መምህራን ካልተስማሙበት ተቃውሟቸውን በዚህች ጋዜጣ በሚቀጥለው ዕትም ይጻፉ፤ ቦታ እንዲተውላቸው አዘጋጁን ለምኛለሁ።

ረቂቁንና የአንቀጽ 7ን ባዶ ቅጽ ለማየት የሚፈልግ ሐሙስ ከሰባት ሰዓት በኋላ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያገኘኛል። ከዚያ በፊት ምሳ ላይ ነኝ።

አንድ ተማሪ፤ ጳውሎስ